የባንተይርጋ ድንቢጦች

ባንተይርጋ በሕይወቱ ሥራ ላይ ያዋለው ተረትና ምሳሌ አንድ ብቻ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን። ሌላውን ለሌላው ትቶታል። ባለሱቅ ስኳር ሲመዝንለት ሚዛኑን ሳይሆን የባለሱቁን ዓይን ያያል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት ወረቀቱን ይዞ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ ደግሞ ተማክረዋል ብሎ ይጠረጥራል። ባለቤቱ ሎዛ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ጓዟን ጠቅልላ አዋሽ ሰባት ወንድሟ ቤት ስትገባ፣ ሰው ሁሉ የመልካ ወረር ሙቀት አማርሯት ነው አለ። እሷ ግን «ሙቀቱንስ ለምጄው ነበር» አለች።

እንዲህ ያለው ሰው፣ በነሐሴ አጋማሽ በአንድ ዐርብ፣ የልብ ወዳጁ ከድሩ «ነገ ጠዋት ወንዝ ዳር ወርደን ወፍ እንይ» ቢለው ምን እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም።

ከድሩ የከሚሴ ሰው ነው። መልካ ወረር ገብቶ ፉል ቤት ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ቀና ብሎ ሰማይ ያየው ዝናብ ይመጣ እንደሆን ለማወቅና የረመዳንን ጨረቃ ለመፈለግ ብቻ ነው። ወፍ ማለት ለሱ ዶሮ ነው፤ ያውም ድስት ውስጥ የገባ። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ከባንኮኒው ሥር አዲስ ባይኖኩላር አውጥቶ ከፉሉ ሳህን አጠገብ ያስቀመጠው።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አለ ባንተይርጋ።

«ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ነው ያመጣልኝ። አዝዤው ነው።»

«አዝዘህ?»

«አዎና! አንተ ዕድሜህን ሙሉ ወፍ ስታይ ኖረህ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ ና ላሳይህ ብለኸኝ አታውቅም። አሁን ጡረታ ወጥተሃል፣ ጊዜ አለህ። ምን ችግር አለው?»

ችግርማ ነበር። ባንተይርጋ ከሞላሌ ወርዶ እዚህ አገር የገባው በሃያ አራት ዓመቱ ነው። ስምንት ዓመት ጥጥ ለቀመ፣ ቦይ ጠረገ፣ ከዚያ ለሃያ ስምንት ዓመት የግሪሳ ወፍ አሳሽ ሆነ። ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ፣ መንቁሯ የቀላ ወፍ ናት፤ አንዷን ብቻ ላየ ሰው አንጀት ትበላለች። ችግሩ አንዷን ብቻ ያየ ሰው የለም። በመቶ ሺህ ሆና ነው የምትመጣው፤ ጠዋት ወተት የቋጠረ ማሽላ ላይ ከወረደች ማታ የሚቀረው አገዳ ነው። የባንተይርጋ ሥራ ግሪሳ የት እንደሚያድር፣ የት ጎጆ እንደሠራ ፈልጎ ሰመራ ላለው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነበር። ከዚያ አውሮፕላን ይመጣና አመሻሽ ላይ መርዝ ይረጫል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ባንተይርጋ ሜትር በሜትር የሆነ የእንጨት ማዕቀፍ ይዞ ይገባል፤ ማዕቀፉን መሬት ላይ እየጣለ፣ በውስጡ ያረፈውን የሞተ ወፍ እየቆጠረ ቅጽ ይሞላል።

ታዲያ ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት፣ የጡረታ እግሩን ሊያፍታታ በወጣበት፣ ከድሮው ቦይ ጀርባ ያለው የፕሮሶፒስ እሾህ ጥሻ ውስጥ ግሪሳዎቹን አገኛቸው። በየቅርንጫፉ ጎጆ፣ በየጎጆው ጫጩት። ጩኸታቸው እንደ ፈላ ዘይት ነው። አንድ ጊዜ አይቶ ወጣ። መንገድ ላይ ግመሎቹን የሚነዳውን ሁመድን አገኘው። አፋር መንገድ ላይ ሰው አግኝቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ዳጉ አለ። ጥላ ተፈልጎ ቁጭ ይባላል፣ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባላል፣ ያየውም የሰማውም ሳይጨመር ሳይቀነስ ይነገራል። በዳጉ የዋሸ ሰው በዚህ አገር ሣርም፣ ውሃም፣ የሚያሳልፈው መንገድም አያገኝም። ባንተይርጋ ሠላሳ ሰባት ዓመት እንደለመደው ቁጭ ብሎ ዳጉውን ተለዋወጠ፤ ከሁመድም የትኛዋ ግመል እንደወለደችና የላይኛው ወንዝ እንደሞላ ሰማ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋና ስለ ግሪሳው ለማንም ትንፍሽ ላይል ወሰነ።

ሥራውን የተረከበችው ፍሬሰላም በየዐርቡ ከሰመራ ትደውላለች። «ጋሽ ባንተይርጋ፣ በእርስዎ በኩል ግሪሳ ታይቷል እንዴ?» ትለዋለች። «የለም» ይላታል። ሁለት ዐርብ እንዲሁ «የለም» አላት።

ከድሩ ደግሞ ዘንድሮ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከጥሻው የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ሁለት ሄክታር ማሽላ ዘርቷል። ፉል ቤቱን ለልጁ ለሐያት ትቶ በስተርጅና እንደ አባቱ ገበሬ ሊሆን ነው ሐሳቡ። የማሽላውን ቁመት በየቀኑ እየመጣ ለፉል በላተኛው ሁሉ በክንዱ ይለካል። ባንተይርጋ ከተናገረ መርዙ ይመጣል፤ ካልተናገረ የወዳጁ ማሽላ አለቀለት። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ በዚህ መካከል ቆሞ ፉል በላ።

አሁን ይህ ባይኖኩላር። «ሸትቶታል» አለ ባንተይርጋ በልቡ። «ወፍ አሳየኝ እያለ እየመራሁ እንዳደርሰው ነው የሚፈልገው። ወይም ሰመራዎቹ ልከውታል።» እምቢ ማለት ደግሞ ማመን ነው። ስለዚህ እሺ አለ።

ቅዳሜ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከድሩ ሱብሂ ሰግዶ፣ ፔርሙዝ ሻይና ዳቦ ይዞ፣ በባጃጅ መጣ። ባንተይርጋ ገና ሳይሳፈር አንድ ነገር ልብ አለ፤ ከድሩ ባጃጁ በየትኛው መታጠፊያ እንደሚወርድ አልጠየቀውም። ዝም ብሎ እንዲመራው ተወው። «እንዲያ ነው ነገሩ» አለና ከጥሻው ተቃራኒ፣ ወደ ታችኛው የወንዙ ክንድ አስነዳው።

አዋሽ በነሐሴ ደፍርሶ፣ ግንድና ቅጠል ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ከድሩ ከውሃው ሃያ እርምጃ ርቆ ቆመ።

«አዞ አለ ይባላል።»

«አለ። ጠዋት ግን ሰነፍ ነው።»

«ሰነፍ መሆኑን እሱ ያውቃል ወይ?» አለና ከድሩ አንድ እርምጃ ጨምሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ባንተይርጋ ሳይፈልግ ሳቀ፣ ወዲያው ግን መሳቁን ጠረጠረው። ሰው ሲያስቅህ የሆነ ነገር ሊወስድብህ ነው።

ያም ሆኖ ወፎቹ ወፎች ናቸው። ንብ በሎቹ ከገደሉ ቀዳዳ እየወጡ አየር ላይ ሲጠመዘዙ አሳየው። በደለሉ ላይ በአንድ እግሯ የቆመችውን ሽመላ፣ ከብት ተከትለው የመጡትን ሳቢሳዎች፣ ሰማያዊ ጀርባዋን ብልጭ አድርጋ የጠለቀችውን ዓሣ አጥማጅ አሳየው። ከድሩ ባይኖኩላሩን እየገለበጠ፣ አንዴ በትልቁ በኩል፣ አንዴ በትንሹ በኩል፣ «ሱብሃነላህ!» ይላል። ባንተይርጋ ደግሞ ከወፎቹ ይልቅ እሱን ነው የሚያየው። እውነት ይሁን ማስመሰል አልለይለት አለ።

«ባንቴ» አለ ከድሩ ባይኖኩላሩን ከዓይኑ ሳያነሳ፣ «ወፍ ግን ማታ ማታ የት ነው የሚገባው?»

መጣ፣ አለ ባንተይርጋ በልቡ።

«እንደየወፉ ነው። አንዳንዱ ዛፍ ላይ፣ አንዳንዱ ገደል ውስጥ።»

«ብዙ ሆነው የሚያድሩትስ?»

«ብዙ ሆኖ የሚያድር ብዙ ዓይነት አለ።»

«በኛ አካባቢ የትኛው ነው?»

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አልከታተልም» አለ ባንተይርጋ፣ የገዛ ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማው። ከድሩ ባይኖኩላሩን አዙሮ ወደሱ ደቀነው። በሁለቱ መስታወቶች ውስጥ ዓይኑ አይታይም።

«ምን ትሠራለህ?»

«አንተን እያየሁ ነዋ። ከቅርብ አልታይ ስላልከኝ።»

ቀልድ ይመስላል። ባንተይርጋ ግን ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

በዚህ መካከል ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ሾላ ላይ፣ ዓሣ በሉ ንስር ጮኸ። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ነጭ ደረቱን ገልብጦ፣ ረጅም ጩኸት ጮኸና ጸጥ አለ። ዝምታው መልስ የሚጠብቅ ዓይነት ነው።

«ይሄስ ማነው?» አለ ከድሩ።

«ዓሣ በል ንስር። ወንዱ ነው።»

«ወንድ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ባንተይርጋ እንዴት አያውቅ! ሁለት ነበሩ። ባልና ሚስት ሆነው ዐሥራ አራት ዓመት በዚያ ሾላ ላይ ሲቀባበሉ ሰምቷቸዋል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላዋ ትጨርሰው ነበር። የመጨረሻው የሥራ ዓመቱ ላይ፣ እሱ ራሱ አስሶ ያገኘው የግሪሳ ማደሪያ ከተረጨ በኋላ፣ ሴቲቱን ከሾላው ሥር አገኛት። የሞተ ግሪሳ በልታ ነው። ሆዷን ሲዳብስ ትናንሾቹ ወፎች በውስጧ ይቆጠራሉ። ቅጹን አወጣ። ከቅጹ ግርጌ «ሌሎች ወፎች» የሚል መስመር አለ። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት በዚያ መስመር ላይ «ዐሥራ አራት» ብሎ ጽፎ ነበር፤ የዚያን ጊዜው አለቃው «አስተካክለህ ሙላ» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ «የለም» ነው የሚጽፈው። ጉጉት ሲሞት የለም፣ ሽመላ ስትሞት የለም። ንስሯንም ጭኑ ላይ እንዳስቀመጣት «የለም» ብሎ ፈረመ። ሃያ ስምንት ዓመት የዋሸ እጅ ነው። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ባንተይርጋም ሰውን ሁሉ የሚጠረጥረው ለምን እንደሆነ አንዳንዴ፣ ለብቻው ሲሆን፣ ያውቀው ነበር።

ሻይ ሊቀዱ ቁጭ እንዳሉ ነው ሰማዩ የተንቀሳቀሰው። ከላይኛው በኩል፣ ከድሮው ቦይ አቅጣጫ፣ አንድ ጥቁር ነገር ተነሣ። ተዘረጋ፣ ተጠቀለለ፣ እንደገና ተዘረጋ። ከራሳቸው በላይ ሲያልፍ የክንፉ ድምፅ እንደ ካፊያ ተሰማ። ሺህ በሺህ። ማለቂያ የለውም። ባንተይርጋ የሻይ ብርጭቆውን አጥብቆ ያዘ። ከድሩ ባይኖኩላሩን አንሥቶ ብዙ አያቸው፤ አልፈው እስኪያልቁ አያቸው። ከዚያ በጣም በዝግታ ጠየቀ።

«እነዚህስ፣ ባንቴ?»

«ድንቢጦች ናቸው» አለ ባንተይርጋ።

ከድሩ ባይኖኩላሩን ከአንገቱ አወለቀና በመያዣው ውስጥ አስገባው። ክዳኑን ዘጋ። ሻዩን እስከ አተላው ጠጣ።

«ማሽላውን ሐሙስ አጨድኩት» አለ።

«ምን አልክ?»

«አጨድኩት። በእሸቱ። የሁመድ ሰዎች አገዙኝ፣ ለከብቶቹ ሰጠሁት።»

ባንተይርጋ በመጀመሪያ ያሰበው ይህም ወጥመድ ነው ብሎ ነው። ሁለት ሄክታር ወተት የቋጠረ ማሽላ ያጨደ ሰው ቁጭ ብሎ ሻይ አይጠጣም። ከዚያ የከድሩን መዳፍ አየ። ማጭድ ያልለመደ እጅ ነው፤ ውኃ ቋጥሮ ፈርጧል። ትናንት ፉሉን ሲያቀርብለት ጨርቅ ጠቅልሎበት ነበር፤ ባንተይርጋ ጨርቁን አይቶ ምን ደብቆ ነው ብሎ ጠርጥሮ ነበር እንጂ ምን ሆነህ ነው ብሎ አልጠየቀውም።

«ለምን አጨድከው?» አለ።

«ግሪሳ መጣ ስለተባለ ነዋ።»

«ማን አለ?»

«አንተ ነህ ያልከው!» አለ ከድሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ አለ። «ለሁመድ በዳጉ ነግረኸው የለም እንዴ? ሁመድ ለሚስቱ ወንድም ነገረ፣ እሱ ወተት ለምታመጣልኝ ሴት ነገረ፣ እሷ በማግስቱ ወተቱን ሳታወርድ ለኔ። ‹ባንተይርጋ ከድሮው ቦይ ጀርባ ግሪሳ አይቷል፣ ጎጆው ከቅጠሉ ይበዛል፣ ጫጩቱ ገና ዓይኑን አልገለጠም።› ሳይጨመር ሳይቀነስ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው። በዚህ አገር መናገርህን የማያውቅ ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

ባንተይርጋ ያቺን ቀን አስታወሰ። እውነቱን ነው። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው፣ ሁመድ ምን አየህ ሲለው፣ ሁሉንም ነግሮታል። ዳጉን እንደ መናገር አልቆጠረውም። ሰው መተንፈሱን ይቆጥራል እንዴ?

«ታዲያ አንተ ለምን ለሰመራ አልደወልክም?»

«ስልካቸው ግድግዳዬ ላይ ተጽፎ ይኸው ስንት ዓመቱ። ልደውል አንሥቼ ነበር፣ ወላሂ። ግን ባንቴ እያወቀ ዝም ካለ ምክንያት ቢኖረው ነው አልኩ። ዛሬ ፉሉን ሲበላ ይነግረኛል አልኩ። ነገ ይነግረኛል አልኩ። ሐሙስ ጫጩቶቹ መብረር ጀመሩ ሲሉኝ፣ ወፍ ከሚበላው ከብት ይብላው ብዬ አጨድኩ። ባይኖኩላሩንም ያዘዝኩት ለዚህ ነው፤ ለብቻችን ሆነን ወፍ ስታይ ልብህ ይከፈታል ብዬ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ።» እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። «ማሽላው ይሁን፣ ከብት በልቶታል፣ ሐላል ነው። ድንቢጥ ያልከኝ ግን እዚህ ጋ ነው የገባው።» ደረቱን በአንድ ጣቱ ነካ።

ባንተይርጋ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ይህን ሰው ሲሰልል ነበር። ሰውዬው በነዚያው ቀናት ያለውን ሁሉ በሱ ዝምታ ላይ አስይዞ ቁጭ ብሏል። ኀፍረት ሲባል እስከ ዛሬ የሰማው ቃሉን ብቻ ነበር።

ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ይቅርታ ግን ባንተይርጋ ከማንም ሰምቶ አምኖት የማያውቅ ቃል ስለሆነ አፉ ላይ ቀረ። ከድሩ ያልጠበቀውን አደረገ። ተነሥቶ ከግራሩ ጥላ ሥር ሄደ፣ እንደ ሁመድ በተረከዙ ላይ ቁጢጥ አለ፣ ከመሬት አንድ እንጨት አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ና» አለው። «ወዳጅህ መሆኔን እርሳው። መንገድ ላይ ያገኘኸኝ ሰው ነኝ። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

ባንተይርጋ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ተንቋቋ። ከመጀመሪያው ጀመረ። ዐሥራ አራት ብሎ ከጻፈበትና ከተመለሰበት ቅጽ። ጉጉቶቹን ነገረው፣ ሽመላዎቹን ነገረው፣ ከሾላው ሥር ያነሣትን፣ ገና ያልቀዘቀዘችውን ነገረው። ወንዱ ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየጮኸ መልስ እንደሚጠብቅ ነገረው። «ለሰመራ ከተናገርኩ እሱንም እገድለዋለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለ። «ካልተናገርኩ አንተን እንደምጎዳ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት፣ ከድሩ። ባታውቅብኝ ብዬ ነበር።» ሲጨርስ ዓይኑ ረጥቦ ነበር፤ አልጠረገውም።

ከድሩ በዳጉ ወግ መሠረት እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ሰማ። ከዚያ እንጨቱን ጣለ።

«ለኔ ብትነግረኝ ኖሮ አብረን እናስብ ነበር» አለ። «አሁን ግን ስማ። የኔ ሁለት ሄክታር ነው፣ አጨድኩት። ሌላው ገበሬ ማሽላውን አላጨደም። ለምን እንዳላጨደ ታውቃለህ? ባንተይርጋ ካየ ሰመራ አውቋል፣ አውሮፕላኑ ይደርሳል ብሎ ቁጭ ብሏል። የሰው ሁሉ ማሽላ በኔ ማጭድ አይታጨድም።»

ባንተይርጋ ስልኩን አወጣ። ፍሬሰላም በሁለተኛው ጥሪ አነሣች፤ ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ ድምፅዋ እንቅልፍ አለበት።

«ጋሽ ባንተይርጋ? ሰላም ነው?»

«ግሪሳ አለ» አላት። «ከድሮው ቦይ ጀርባ። ዐሥራ አንድ ቀን አልፎታል፣ መብረር ጀምሯል። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፊው።»

«እሺ ጋሼ… ቅጹን ልክፈት።»

«ስትከፍቺው ግርጌው ላይ ‹ሌሎች ወፎች› የሚል አለ።»

«እሱ እኮ ከርጭት በኋላ ነው የሚሞላው።»

«የበኋላውንማ ሃያ ስምንት ዓመት ሞላሁት። ዘንድሮ ከመረጨቱ በፊት ይሞላ። በሕይወት ያሉትን ጻፊ። እኔ ልቁጠርልሽ፤ ስትረጩ የትኞቹን እንደምትረጩ እያወቃችሁ እርጩ፣ የሚሻል መንገድ ካለም ያን ጊዜ ፈልጉ። ጽፈሻል? ዓሣ በል ንስር፣ አንድ። ዓሣ አጥማጅ፣ አንድ። ሽመላ፣ አንድ። ሳቢሳ…» ወደ ከድሩ ዞረ። «ሳቢሳዎቹ ስንት ነበሩ?»

ከድሩ ባይኖኩላሩን ከመያዣው መልሶ አውጥቶ ነበር። በፈረጠው መዳፉ ይዞ፣ ማዶ ያለውን ሾላ እያየ መለሰ።

«ዘጠኝ» አለ። «ድንቢጦቹንስ አላስመዘገብካቸውም?»

አልሳቀም።